ቺስታ ሆኖ ፏ ማለት፦ አዲስ አበባ ውስጥ በትንሽ ደመወዝ ዘንጦ ለመኖር

«አሜሪካ እኅት አለሽ እንዴ?»

ቢሮ ውስጥ አለባበሴ እየታየ በወር ሁለት ሦስቴ ይህን እጠየቃለሁ። የለኝም። ዱባይ የሚመላለስ ወንድምም፣ ቡቲክ ያላት ጓደኛም የለኝም። ያለኝ ግማሹን ኪራይ የሚበላው ደመወዝ፣ ሁለት ጥንድ ጥሩ ጫማና አንድ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነው። ምስጢሩ ያለው ልብስ ሰፊው ጋ ነው። እሱ ጋ እንደርሳለን።

በመጀመሪያ ግን ሒሳቡን እንያዝ። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ውድ ነው። እጅ ግን ገና አልተወደደም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ልብሱም፣ ጫማውም፣ ሽቶውም፣ የቤት ዕቃውም። ሱሪ የሚያጠብ፣ ሶል የሚቀይር፣ ጣውላ የሚልግ፣ ሸማ የሚሸምን ባለሙያ ግን በየሰፈሩ አለ። ለሥራው የሚጠይቀውም አንድ አዲስ ሸሚዝ ከሚያስወጣው በጣም ያነሰ ነው። እንግዲያው ዕቃ ጥቂት እንገዛለን፣ ለእጅ ደግሞ ደህና እንከፍላለን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሒሳብ የመጣ ነው። ዋጋ በብር አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል።

1. ያላችሁን ቁጠሩ

ቅዳሜ ጠዋት ቁም ሣጥኑን፣ ሻንጣውን፣ አልጋ ሥር የተወሸቀውን ፌስታል ሳይቀር አልጋ ላይ ዘርግፉት። ሁሉንም እየለካችሁ ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንደኛው አሁኑኑ ለብሳችሁ ልትወጡ የምትችሉት ነው። ሁለተኛው ጨርቁ ደህና ሆኖ ልኩ የጠፋ፣ ቁልፉ የረገፈ፣ ዚፑ የተበላሸ። ሦስተኛው የሚሰናበት።

እኔ መጀመሪያ ሳደርገው ሁለተኛው ክምር ከአንደኛው በለጠ። አሥራ አንድ ልብስ ነበር። ሁሉም ገንዘብ ወጥቶባቸዋል። አንዱ ቀሚስ እንደውም አንድ ቀን ብቻ ነው የተለበሰው፤ ብብቱ ስለጠበበኝ። «የምለብሰው የለኝም» እያልኩ ለዓመት ያማረርኩት እነዚህን አሥራ አንድ ልብሶች እያየሁ ነው።

የሚሰናበተውን የሚለብሰው ዘመድ ካለ ስጡ። ከሌለ «ልዋጭ!» የሚለውን ድምፅ ጠብቁ። አሮጌ ልብስ ተቀብለው ሳፋ፣ ጆግ፣ ብርጭቆ ይሰጣሉ። እኔ በአንድ ጃኬትና በሁለት ሱሪ ዛሬም ልብስ የማጥብበትን ሳፋ አግኝቻለሁ። ታዲያ ልብሶቹን አንድ በአንድ አውጡ። ክምሩን ካሳያችሁ ክምሩ በሙሉ ለአንድ ጆግ ይሄዳል።

2. የሚያራቁተን ልብስ አይደለም

ለአንድ ወር የምታወጡትን ሁሉ ጻፉ። በቴሌብር ወይም በባንክ የምትከፍሉ ከሆነ ግማሹ ስልካችሁ ላይ ተመዝግቧል። የቀረውን ማታ ማታ ጨምሩበት።

የማኪያቶን ዋጋ በ22 የሥራ ቀን አባዙት። በቀን ሁለት ከሆነ ደግሞ እጥፍ። ዝናብ ሲመጣ፣ ሲመሽ፣ ሲደክም የተጠራውን ራይድ ደምሩበት። እኔ ስደምር የአንድ ጥሩ ቆዳ ጫማ ዋጋ በየወሩ እየጠጣሁና እየተሳፈርኩ መሆኔን አየሁ። ማኪያቶ አልተውኩም፤ ሰው ነኝ። የጠዋቱን ወደ ጀበና ቡና ቀየርኩት። ቢሯችን በር ላይ የምታፈላው ልጅ ካፌው ውስጥ ካለው ማሽን ትበልጣለች፣ ዋጋዋም ከግማሽ በታች ነው።

የተረፈውን በእጅ ለማቆየት አትሞክሩ፤ አይቆይም። ዕቁብ ግቡበት። እኛ አምስት ሴቶች የልብስ ዕቁብ አለን። መጠኑ ትንሽ ነው፣ በአምስት ወር አንዴ ይደርሳል። ሕጉ አንድ ነው፤ የደረሳት ልጅ አንድ ደህና ዕቃ ትገዛለች እንጂ አምስት ተራ ነገር አትገዛም። ኮት፣ ጫማ፣ ቦርሳ። በዓል ሲቃረብ ዕጣ እንዲወጣላችሁ አትመኙ፤ ገንዘቡ ዶሮና ቅቤ ሆኖ ይቀራል።

3. ለከተማው አየር ልበሱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው። ጠዋት ብርድ ነው፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከሰዓት በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ውርጩ አለ። ለዚህ አየር የሚሆነው እየተደራረበ የሚለበስና የሚወልቅ ልብስ ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ገዝታችሁ ብትለብሱ ስድስት ሰዓት ላይ ትቀቀላላችሁ።

ለእኔ የበቃኝ ዝርዝር ይኸውላችሁ። ሁለት ሱሪ፣ አንዱ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ። አንድ ጉርድ ወይም ቀሚስ። አራት ሸሚዝና ከናቴራ። አንድ ስስ ሹራብ። አንድ ትከሻው ልክ የሆነ ኮት። አንድ የዝናብ ጃኬት። ሁለት ጫማ። አንድ ነጠላ። ለወንዶችም ጉርዱን በሱሪ ቀይሩት እንጂ ሌላው ያው ነው።

ቀለሙ ላይ ጨከን በሉ። ሁለት መሠረታዊ ቀለም ምረጡ፤ ለምሳሌ ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ። ከዚያ ፊታችሁን የሚያበራ አንድ ሦስተኛ ቀለም ጨምሩ። ጠይም ፊት ላይ ሰናፍጭ ቢጫና ጡብ ቀይ እንዴት እንደሚያምር የማያውቅ ካለ መስታወት ፊት ይቁም። ሁሉም ልብስ ከሁሉም ጋር ከሄደ አሥር ልብስ ሠላሳ ይመስላል። ሱቅ ውስጥ «ይሄ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?» ብላችሁ ራሳችሁን ስትጠይቁ ሦስት መልስ ካልመጣላችሁ መልሱት።

4. ሳልባጅ መግዛት ሙያ ነው

ሳልባጅ ማለት የሚያሳፍርበት ዘመን አልፏል። የጥሩ ጨርቅ ልብስ በእኛ አቅም የሚገኘው እዚያ ነው። አዲስ ተብሎ ቡቲክ ከተሰቀለው ብዙው ሦስቴ ሲታጠብ የሚቆረቁዝ ነው። ሳልባጅ ውስጥ ግን ሱፍ፣ ንጹሕ ጥጥ፣ አንዳንዴም የተልባ እግር ጨርቅ ይገኛል።

በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ቅዳሜ መርካቶ ለእግር ማሳረፊያ እንኳ ቦታ የለም፣ ሻጩም ለመደራደር ጊዜ የለውም። ደንበኛ ከሆናችሁ ቦንዳ፣ ማለትም የታሰረው የልብስ እስር፣ የሚፈታበትን ቀን ይነግሯችኋል። ያ ቀን ወርቅ ነው። ቦርሳችሁን ከፊት፣ ስልካችሁን ከውስጥ ኪስ አድርጉ።

ዕቃው እንዲህ ይታያል። መጀመሪያ በእጅ ይዳሰሳል፤ ዓይን ይታለላል፣ እጅ አይታለልም። ቀጥሎ ወደ ብርሃን ወጥቶ ይዘረጋል። ብል የበላው ሱፍ ከላይ ደህና መስሎ በፀሐይ ሲያዩት ወንፊት ነው። ኮሌታው፣ ብብቱ፣ የሱሪው ጉልበትና በጭኖቹ መካከል ያለው ይፈተሻል። ዚፑ ሦስት ጊዜ ይከፈታል ይዘጋል። ይሸተታል። ጨርቅ ውስጥ የገባ የላብ ሽታ በቀላሉ አይለቅም።

ከሁሉ በላይ ትከሻውን ለኩ። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ጎን ይገባል። ትከሻ ግን ልብሱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ስለሚጠይቅ ዋጋው አያዋጣም። ትከሻው ልክ ሆኖ ሌላው ከሰፋ ግዙ። ትከሻው ከወደቀ የፈለገ ቢያምር ተዉት። ጠባብ ልብስም አትግዙ፤ የሚለቀቅ ትርፍ ስፌት ውስጡ መኖሩን ገልብጣችሁ ካላያችሁ በቀር። የተለበሰ ጫማም አልመክርም። ሶሉ በሌላ ሰው አረማመድ ተበልቷል፣ ለእግራችሁ አይመችም።

ድርድሩ ላይ ልብሱን እንደወደዳችሁ አታሳዩ።

«የኔ እናት፣ ላንቺ የተሰፋ ነው እኮ።»

«ቁልፉ የለም፣ እዚህም ጋ ተተርትሯል። ሂሳቡን ንገረኝ።»

የጎደለ ቁልፍ ስታገኙ ደስ ይበላችሁ። ዋጋ ያስቀንሳል፣ ለመትከል ደግሞ አምስት ደቂቃ ነው። እንዲያውም ሁሉንም ቁልፎች አውልቃችሁ የተሻለ ቁልፍ ብታስተክሉ ተራ ኮት መልኩ ይቀየራል። መርካቶ ቁልፍና ክር የሚሸጡት ጋ ሂዱና የቀንድ መልክ ያላቸውን ቡናማ ቁልፎች ጠይቁ። በእኔ ዕድሜ ከሠራኋቸው ትናንሽ ብልጠቶች ይህን የሚያህል የለም።

5. ልብስ ሰፊው

ደረስን። እኔ የምሄድባቸው ጋሼ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር፣ በረንዳ ላይ፣ በእግር የሚረገጥ ሲንገር ይዘው ነው የሚሠሩት። መብራት ቢጠፋም አይቆሙም። እሳቸውን ከማግኘቴ በፊት ግን ትምህርት ከፍያለሁ።

አንድ ጊዜ ለሠርግ የሚሆን ጥቁር ሱሪ ይዤ ሌላ ሰው ጋ ሄድኩ። «ትንሽ ይጠር» አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ሠርጉ ዋዜማ ስቀበል ሱሪው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ወደ ባት እየወጣ ነበር። የተቆረጠውም ጨርቅ ተጥሏል። ተናደድኩ፣ ጮኽኩ። ግን ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። «ትንሽ» ስንት ነው? የምለብሰውን ጫማ አላደረግኩ፣ ምልክት አላስደረግኩ፣ ዋዜማ ድረስ ቆየሁ።

አሁን የማደርገው ይህ ነው።

አዲስ ልብስ ሰፊ ስሞክር መጀመሪያ የማያሳሳኝን እሰጠዋለሁ። አንድ ከናቴራ፣ አንድ የትራስ ልብስ። ስፌቱ ቀጥ ካለ፣ ክሩ ከጨርቁ ቀለም ጋር ከገጠመ፣ በቀጠረኝ ቀን ካደረሰ ሱሪ ይከተላል። ሱሪው ካማረ ኮት።

ሱሪ ሲለካ የሚለበስበትን ጫማ አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ወደ ታች አትዩ፤ ስታጎነብሱ ልኩ ይለወጣል። በስፒል ይያዝ ወይም በሳሙና ስባሪ ይሰመር። በቃል ብቻ አትተዉት። ሲያጥር ትርፉ ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ እንጂ እንዳይቆረጥ ንገሩት። ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ይለቀቃል።

ልኩ ልክክ የሚልላችሁ አንድ ልብስ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «እንደዚህ ይሁን» ማለት ከአሥር ደቂቃ ማብራሪያ ይሻላል።

ዋጋና ቀን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቀብድ ግማሹን ብቻ ስጡ። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ምንም አትስጡ። ያኔ ሁሉም ልብስ ሰፊ «ነገ ነይ» ነው።

ምን ምን ይሠራል? የሰፋ ሸሚዝ ከጎንና ከጎን ይገባል፣ ወዲያው ሰው ያስመስላችኋል። እጅጌው የረዘመ ኮት ይታጠፋል፤ የኮት ልክ የሚታየው እጅ አንጓ ላይ ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላ ተፈትቶ ይገለበጣል፣ ያልተበላው ወገን ወደ ውጭ ይወጣል። ዛሬ ይህን የሚያስሠራ ሰው ጥቂት ነው። በአባቶቻችን ዘመን ኮት ራሱ ይገለበጥ ነበር። ጋሼ ኮሌታ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ማን ነገረሽ?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረፋ አልጠብቅም።

ቁጥራችሁ ከሱቅ ልብስ ጋር አልገጥም የሚል ከሆነ ጨርቅ በሜትር ገዝታችሁ አሰፉ። እንደዚያ ሲሆን ግን ጨርቁ ስንት ሜትር እንደሚፈጅ ከመግዛታችሁ በፊት ሰፊውን ጠይቁ። ጨርቁንም ሳይቀደድ አንዴ ውኃ አስነክሩት፤ በኋላ እንዳይሰበሰብ።

እጅ አልተወደደም ያልኩት ባለሙያውን አስጨንቃችሁ ተደራደሩ ማለቴ አይደለም። ጨርቅ ሻጭ ላይ ተከራከሩ። ልብስ ሰፊ ላይ ግን አንድ ሁለት ብር አትጎትቱ። ዓመት ሙሉ የሚያዘንጣችሁ እሱ ነው።

6. ሽሮ ሜዳ፣ ሰው በማይሄድበት ወር

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ተረቱን የሸማ ነጋዴ የፈጠረው ይመስለኛል። ሁላችንም በአንድ ሳምንት ሽሮ ሜዳ ስንፈስ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። የጥር ሠርግና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግም ያው ነው። መሄጃው ሐምሌ ነው፣ ወይም ሠርግ የሌለበት ዐቢይ ጾም ሲጀምር። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆች ያኔ ጭር ይላሉ። ሻጩ ወንበር ያወጣላችኋል።

ሁለት ነገር እዩ። ጥለቱን ገልብጡት። ከፊት ሥዕል ሆኖ ከኋላ ባዶ ነጭ ከሆነ ኅትመት ነው። የተሸመነ ጥለት ከኋላውም ክሩ ይታያል። ሁለተኛ ጨርቁን ጨብጣችሁ ልቀቁት። ጥጥ ይጨማደዳል፤ ምንም ያልሆነ መስሎ ከተመለሰ ሰው ሠራሽ ክር በዝቶበታል። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ የእጅ ፈትል ዋጋ ግን አትክፈሉበት።

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሙሉ ቀሚሱን ተዉና ጥለቱ ቀጭን የሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀለም ብቻ ያለበት ነጠላ ግዙ። ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ለለቅሶ ዘቅዝቃችሁ ትለብሱታላችሁ። በጂንስና በኮት ላይ አንገት ላይ ጣል ቢደረግ ደግሞ ከየትኛውም የውጭ ሻሽ ይበልጣል። ወንዶችም በዚያው ሽመና የተሠራ የአንገት ልብስ ያገኛሉ።

አጥቡት እንጂ አትፈትጉት። ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙና። አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ይወጣለትና ጥላ ላይ ይሰጣል። በረኪና ከነካው ጥለቱ አለቀ።

አሁን ወደ እውነተኛው ኪስ አውላቂ። የጓደኛ ሠርግ። «ሁላችንም አንድ ዓይነት እናሰፋለን» ትባላላችሁ፣ ቀለሙ ሁለተኛ የማይለበስ ነው፣ በዓመት ሦስት ሙሽራ ከመጣ ደግሞ ኪሳችሁ ተራቆተ። አንድ መውጫ አግኝቻለሁ። ቡድኑ ሳይሰበሰብ ሙሽራዋን ለብቻዋ አግኝታችሁ «የየራሳችንን ነጭ ቀሚስ እንልበስ፣ ነጠላችን ጥለቱ አንድ ዓይነት ይሁን» በሏት። ፎቶው ያምራል። ሁለቱ ጓደኞቼ እሺ ብለዋል። ሦስተኛዋ እሺ አላለችም፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚሷ ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል።

7. ጫማ

የከተማችን ሰው ከእግር ጀምሮ ነው የሚያየው። ሊስትሮ በየመንገዱ ዳር ባለበት አገር አቧራ ያለበት ጫማ ሰበብ የለውም። አገር ውስጥ የሚሠራ የቆዳ ጫማ ግዙ፣ ሶሉ የተሰፋውን ከተለጠፈው አስበልጡ። አዲስ እያለ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ስስ የጎማ ሶልና ተረከዝ አስጨምሩበት፣ ዕድሜው ይረዝማል። አንዱን ጫማ ሁለት ቀን በተከታታይ አታድርጉ። ዝናብ ሲመታው ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፤ ከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ቆዳ ይሰነጠቃል።

8. ቤት

ልብሱ ካማረ በኋላ ሰው ቤታችሁ መምጣት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሸሻለን።

ስለ ኪራዩ ትንሽ ልበል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ስድስት ወር ቅድሚያ ስትጠየቁ ይህን አስታውሱ። ውሉንም በጽሑፍ አድርጋችሁ አስመዝግቡ። ሁለት ዓመት የምትኖሩበትን ቤት ማሳመር ያዋጣል። በየስድስት ወሩ ዕቃ የሚጭን ሰው ግን ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። ብቻችሁን ካልቻላችሁት ደባል ያዙ። ሩቅ ሰፈር ርካሽ ቤት ስታገኙም የታክሲውን ወጪ ኪራዩ ላይ ደምሩና እዩት።

ቤት የሚያምረው ከመብራትና ከመጋረጃ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ነጭ አምፖል ሁሉንም ነገር ሆስፒታል ያስመስላል። ማታ ማታ አጥፉትና ቢጫ ብርሃን ያለው ኤልኢዲ አምፖል ጥግ ላይ፣ ከዓይን ዝቅ ብሎ ይብራ። ለጥላ የሚሆን ትንሽ ዘንቢል ገልብጡበት፣ ግድግዳው ላይ የሚወጣው ቅርጽ ብቻውን ጌጥ ነው።

መጋረጃ አቡጀዲ ይሁን። በሜትር ግዙ፣ አጥባችሁ ሰብስቡት፣ ከዚያ ጋሼ ጠርዙን ይስፉት። መስቀያውን ከመስኮቱ በላይ ጣሪያው አጠገብ አድርጉ፣ ጨርቁ መሬት እስኪነካ ይውረድ። አሥራ ሁለት ካሬ ክፍል ወዲያው ቁመት ያወጣል።

ግድግዳው ላይ ስፌት ስቀሉ። እናቶቻችን ሰፌድና ሙዳይ ግድግዳ ላይ ይደረድሩ የነበረው ጌጥ መሆኑን ስላወቁ ነው። አገር ቤት ስትሄዱ አያታችሁን ጠይቁ። አልጋ ላይ ጋቢ ይዘርጋ፤ ቀን ጌጥ ነው፣ ማታ ብርድ ልብስ። መደርደሪያ ከፈለጋችሁ ጣውላ ገዝታችሁ የሰፈር አናጺ ያስተካክልላችሁ፣ ማያያዣ ብረቱን መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልጉ። ያለቀ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ጤና አዳም ትከሉ። ያምራል፣ ይሸታል፣ ቡና ውስጥም ይገባል።

እንግዳ ሲመጣ ምግብ ቤት አትውሰዱ፤ ቡና አፍሉ። ፈንዲሻ፣ ትንሽ ዕጣን፣ ከቻላችሁ ቄጠማ። የአራት ሰው የካፌ ሂሳብ ለስንት ቀን ቡና እንደሚበቃ ራሳችሁ አስቡት። ደግሞ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው፣ ሦስተኛው ስኒ ድረስ፣ ማንም «ወንበሩን ልቀቁ» አይላችሁም።

9. መውጣትና መጋበዝ

አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በነፃ ነው። ብሔራዊ ሙዚየምም ለአገር ሰው ውድ አይደለም። እንጦጦ አየሩ የማንም አይደለም። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ አመሻሽ ላይ በእግር መሄድ ራሱን የቻለ ሽርሽር ሆኗል። የተወለወለው ጫማ የሚታየውም እዚያ ነው።

መብላት ካማራችሁ እራትን በምሳ ቀይሩ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የጾም በየዓይነቱ ብሉ። ጥሩ ቤት ስትገቡ የምናሌውን ግርጌ አንብቡ። ቫት 15 በመቶ፣ ሰርቪስ 10 በመቶ ያልተካተተ ከሆነ ሂሳቡ ካሰባችሁት ሩብ ያህል ይበልጣል።

ከባዱ ነገር ግብዣው ነው። እኛ አገር ሂሳብ ሲመጣ እጅ ለእጅ ይያዛል፤ «እኔ ልክፈል!»፣ «ሙች እኔ ነኝ!» ይባላል። በየራስ እንክፈል ማለት አሁንም ያስቀይማል። ሁልጊዜ ሌላው ሲከፍል ዝም ማለት ደግሞ ያሳፍራል። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ሌሎቹን ቀድሞ መጋበዝ ነው። ደመወዝ በገባ ሳምንት እኔው ደውዬ «ዛሬ በእኔ ነው» እላለሁ፣ ቦታውንም እኔ እመርጣለሁ። ሽሮዋ የምታስደንቅ፣ ወንበሯ ዱካ የሆነች ቤት አለችኝ። እንደ ለጋስ ታየሁ፣ ወጪውም በእጄ ሆነ። የወሩ መጨረሻ ላይ ውድ ቤት ሲጠሩኝም አንገቴን ሳልደፋ እሄዳለሁ፤ ተራው የእነሱ ነው።

10. እሑድ ማታ

ይህ ሁሉ በሳምንት አንድ ሰዓት ይጠይቃል። ውኃችን በፈረቃ ስለሆነ ልብስ የማጥበው በሚመጣበት ቀን ነው፣ ካውያ ግን እሑድ ነው። መብራት እያለ የአምስቱን ቀን ልብስ እተኩሳለሁ። መብራት ቢጠፋ የጎረቤቴ የከሰል ካውያ አለ። ሸሚዝ ትንሽ እርጥብ እያለ ይተኮሳል፤ መጀመሪያ ኮሌታው፣ ቀጥሎ እጅጌው፣ በመጨረሻ ደረቱ። ሱፍ ላይ እርጥብ ስስ ጨርቅ ጣል ይደረጋል፣ ያለዚያ ያብለጨልጫል። አምስቱም በየቅደም ተከተላቸው በር ጀርባ ይሰቀላሉ። የሰኞው ከፊት። የተላላ ቁልፍ ካለ እዚያው ይጠበቃል። ጫማዎቹ ተወልውለው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ የተጨማደደ ልብሱን በእጁ እያሻሸ ታክሲ ሲጠብቅ አገኘሁት። ወያላው በሩን ከፈተና አየት አደረገኝ።

«የኔ እመቤት፣ ከፊት ግቢ።»